ሻጭና ምስክሩ

ሰው የራሱን ዕቃ ለገበያ ባወጣ ጊዜ ስለ ዕቃው መመስከር የሚገባው ማን ነው? ሻጩ ዕቃውን ያውቀዋል፤ ነገር ግን ጥቅሙ ምስክርነቱን ያጠራጥረዋል። ገዢው በዓይኑ ያየዋል፤ ነገር ግን ዓይን የሚያየው ላይኛውን ነው። ስለዚህ ሰው ከጥንት ጀምሮ በመካከል የሚቆም ሦስተኛ ሲፈልግ ኖሯል። በቅሎ የሚገዛ ሰው አፏን ከፍቶ ዕድሜዋን ከጥርሷ ቢያነብም፣ ስለ ጠባይዋ ጎረቤት ሳይጠይቅ ገንዘቡን አይቈጥርም።

ይህ ጥያቄ በዘመናችን እጅግ ተሳልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ፣ ለነገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ፈጽሞ የማይጠረጥረው ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ አገር ኮሚክ የሚባሉት የሥዕል ታሪክ መጽሔቶች ንግድ ነው። በዚያ አገር አሮጌ ኮሚክ ያለው ሰው ሊሸጠው ባሰበ ጊዜ፣ እንዳለ ይሽጠው ወይስ አስቀድሞ ደረጃ ወደሚመድብ ድርጅት ልኮ፣ አስመርምሮና አሳሽጎ ይሽጠው የሚል ምርጫ ይቀርብለታል። ብዙዎች ነገሩን በሒሳብ ብቻ ይጨርሱታል። የምርመራው ዋጋ ይህን ያህል፣ የሚጨምረው ትርፍ ያን ያህል ብለው ይደምራሉ፣ ይቀንሳሉ። በእኔ አስተያየት ግን ከሒሳቡ ሥር የሕሊና ጥያቄ ተኝቷል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ የዕቃውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1938 «አክሽን ኮሚክስ» የተባለው መጽሔት የመጀመሪያ ቍጥር ሲወጣ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። ሱፐርማን የተባለው ባለ ቀይ ካባ ጀግና ለሕዝብ የታየው በዚሁ ቍጥር ነው። ወረቀቱ ጋዜጣ የሚታተምበት ርካሽ ወረቀት ስለ ሆነ፣ በውስጡ ያለው አሲድ ከዓመት ወደ ዓመት ያወይበዋል፤ በመጨረሻም ያፈረፍረዋል። ገጾቹን የያዙት የሽቦ ስፌቶች ይዝጋሉ። ልጆች አጥፈው በኪሳቸው ያዙት፣ ተዋዋሱት፣ ቀደዱት፤ እናቶች ቤት ሲያጸዱ ጣሉት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ለጦሩ አሮጌ ወረቀት ሲሰበሰብ ብዙው አብሮ ሄደ። የተረፈው ጥቂት ስለ ሆነ ውድ ሆነ። በ2014 የዚሁ ቍጥር አንድ ቅጂ ከ3.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ጀግናውን የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉት የክሊቭላንድ ወጣቶች ግን መብቱን የሸጡት በ130 ዶላር ነበር፤ ያ ገንዘብ የተከፈለበት ቼክ ራሱ በ2012 በሐራጅ 160 ሺህ ዶላር አወጣ። ወረቀቱ ከደራሲው ይልቅ መክበሩ የሚያሳዝን ነው፤ ዳሩ ግን እርሱ ራሱን የቻለ ሌላ ነገር ነውና ወደ ተነሣንበት እንመለስ።

ዋጋው እየናረ በሄደ መጠን ክርክሩም አብሮ በዛ። ሮበርት ኦቨርስትሪት የተባለው ሰው በ1970 የኮሚክ ዋጋ መምሪያ አሳትሞ ነበር፤ ነጋዴዎችም የመጽሔቱን ይዞታ «እንደ አዲስ»፣ «ያማረ»፣ «ደኅና» እያሉ መለየትን ለመዱ። ቃሉን የሚናገረው ግን ሻጩ ራሱ ነበር። በፖስታ ለሚገዛ ሰው፣ «እንደ አዲስ ነው» የተባለለት መጽሔት ከእጁ ሲገባ፣ ደኅና ለመባል እንኳ የሚያጠራጥር ሆኖ ይገኝ ነበር። በ2000 ሲ.ጂ.ሲ. የሚባል ድርጅት ሥራ የጀመረው ይህን ጠብ ለማብረድ ነው፤ ከእርሱም በኋላ ሌሎች ተከትለዋል። ባለቤቱ መጽሔቱን ይልካል፤ መርማሪዎቹ ገጹን ይቈጥራሉ፣ ማጠፊያውንና ማዕዘኑን ያያሉ፣ የሽቦውን ዝገትና የወረቀቱን ንጣት ይመለከታሉ፣ የተቀባ ወይም የተከረከመ ወይም የተለጠፈ ቦታ እንዳለም ይመረምራሉ። ከዚያ በኋላ ከ0.5 እስከ 10 በሚደርስ መለኪያ አንድ ቍጥር ይሰጡታል፤ መጽሔቱም ቍጥሩ ከተጻፈበት ወረቀት ጋር በጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ይታሸጋል። ያልተጠገነው ሰማያዊ ወረቀት ይደረግበታል፤ በብልሃት ተጠግኖ የተገኘው ግን ሐምራዊ ይሰጠዋል። ገዢዎች ይህን ሐምራዊ ቀለም እንደ ለምጽ የሚሸሹት ናቸው።

ይህን ሥራ የሚደግፍ ሰው ጠንካራ ምክንያት አለው። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ በ1970 ባወጣው ጽሑፍ፣ የአሮጌ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርጎ እንዳስረዳው፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ የማያውቀው ሲሆን፣ ገዢ ጉድለት እንዳለ በመፍራት ለሁሉም ዝቅተኛ ዋጋ ይሰጣል፤ በዚህም ምክንያት መልካም ዕቃ ያለው ሰው ተከፍቶ ከገበያ ይወጣል፣ መጥፎው ይቀራል። አከርሎፍ ለዚህ ዓይነቱ ምርምሩ በ2001 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፍሏል። እንግዲህ እውነተኛው ሻጭ እውነቱን ቢናገርም ቃሉ ከውሸተኛው ቃል የሚለይበት ምልክት ከሌለው፣ እውነተኛነቱ ለገዢውም ለራሱም አይጠቅምም። ማኅተሙ ይህን ምልክት ይሰጠዋል።

እስከዚህ ድረስ ሻጭ ዐዋቂ፣ ገዢ አላዋቂ እንደ ሆነ አድርገን ተናገርን። በእውነቱ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አሮጌ ኮሚክ ከእጁ የሚገኝ ሰው ሁልጊዜ ሰብሳቢ አይደለም፤ ከሟች ወላጁ ሣጥን ያገኘ ወራሽ፣ ወይም የባሏን ዕቃ የምታጣራ መበለት ሊሆን ይችላል። የሚገዛው ግን ዕድሜውን በዚህ ሥራ የፈጀ ነጋዴ ነው። በ2025 በአሜሪካ በተደረገ ሐራጅ፣ በ1939 የወጣው «ሱፐርማን» የተባለው መጽሔት የመጀመሪያ ቍጥር 9.12 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ይህን ቅጂ ሦስት ወንድማማቾች ያገኙት በካሊፎርኒያ ከሟች እናታቸው ቤት ጣሪያ ሥር፣ በአሮጌ ጋዜጣ ተሸፍኖ ነበር፤ ሲመረመርም 9.0 የሚል ቍጥር ተሰጠው። እነዚህ ሰዎች መጽሔቱን ሳያስመረምሩ በመንገዳቸው ወዳለው የአሮጌ መጽሐፍ ሱቅ ይዘውት ገብተው ቢሆን ኖሮ፣ ባለሱቁ ምን ይላቸው ነበር? መዋሸት እንኳ አያስፈልገውም ነበር፤ «ስንት ትሉታላችሁ?» ብሎ ዝም ማለት ይበቃው ነበር። ስለዚህ ምርመራው ገዢን ከሻጭ ማታለል ብቻ ሳይሆን፣ የማያውቅ ሻጭን ከሚያውቅ ገዢ ዝምታ የሚጠብቅ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚከብድብኝ ይህ ምክንያት ነው፤ የራሱ ብቻ ያልሆነውን፣ ከወንድምና ከእኅት ጋር የሚካፈለውን ዕቃ የሚሸጥ ሰው፣ ሳያስመረምር ቢሸጥ የሌላውን ድርሻ በግምት እንደ ሰጠ ይቈጠርበታልና።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን እንሂድ። ማኅተም በተገኘ ጊዜ ሻጩ ዝም ይላል። ስለ ዕቃው የሚያውቀውን የመናገር ግዴታ ከአፉ ወርዶ በወረቀቱ ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። ለዚህ ግልጥ ማስረጃ የሚሆነን መተኰስ የሚባለው ሥራ ነው። የተጨማደደ ልብስ እንደሚተኰስ ሁሉ፣ የታጠፈና የተጐረበጠ ኮሚክም በሙቀትና በክብደት ተጭኖ ይቃናል፤ በዚህም ቍጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። መርማሪው ድርጅት ይህን እንደ ጥገና አይቈጥረውም፤ ወረቀቱም ሰማያዊ እንደ ሆነ ይቀራል። ከዚህም በላይ የዚያው ድርጅት እኅት የሆነ ድርጅት ይህን የመተኰስ ሥራ ዋጋ ተቀብሎ ይሠራል። ዳኛው ከአንዱ በር ሲፈርድ፣ ዘመዱ ከሌላው በር ባለጉዳዩን ሲያሰማምር ማለት ነው። በተጨማሪም በተሰጠው ቍጥር ያልተደሰተ ባለቤት ፕላስቲኩን ሰብሮ መጽሔቱን እንደገና የሚልክበት ጊዜ አለ፤ ቍጥሩ ከፍ ቢልለት የቀድሞውን ፍርድ ለገዢ አይነግርም።

ኮሚኩን ተኵሶ 9.2 ያገኘ ሻጭ ይህን ለገዢ ሊነግር ይገባዋልን? አይገባውም የሚሉ ሰዎች የሚያቀርቡት ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። መተኰስ የታወቀ ልማድ ነው፤ ገዢም የሚገዛው የዛሬውን ይዞታ እንጂ የትናንቱን ታሪክ አይደለም ይላሉ። እኔ ግን እንዲህ ብዬ እመልሳለሁ። ልማዱን ሁሉም የሚያውቀው ከሆነ፣ መናገሩ ከዋጋው አንዲት ሳንቲም አይቀንስም፤ እንግዲያስ ለመናገር ምን ያስፈራል? መናገሩ ዋጋውን የሚቀንስ ከሆነ ደግሞ ገዢው አያውቅም ነበር ማለት ነው፤ የማያውቀውን ነገር ተገን አድርጎ የተወሰደውም ብልጫ ከአላዋቂነቱ የተወሰደ ነው። ማኅተሙ ይህን ዕዳ አይከፍልም። መርማሪው የሚመሰክረው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ስላየው ነው፤ ባለቤቱ ግን ከመጽሔቱ ጋር ኖሯል። ስለ ኖረበት ነገር መመስከር የእርሱ ፈንታ ነው።

ማኅተሙ ራሱም ቢሆን ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። በ2023 መጨረሻ ገደማ፣ አንዳንድ ሳጥኖች ተከፍተው ከፍተኛ ቍጥር በተጻፈበት ወረቀት ሥር ዝቅተኛ ቅጂ ተተክቶ እንደ ነበር ታውቆ፣ ሰብሳቢዎች እጅግ ታውከው ነበር። ገዢው ሳጥኑን ሳይሰብር ውስጡን ማየት ስለማይችል፣ ለመተማመን የተሠራው ነገር ለማታለያ ተመቸ።

ብዙ ሰው የማያነሣው ሌላ ጉዳት ደግሞ አለ፤ ይኸውም የታሸገው መጽሔት የማይነበብ መሆኑ ነው። የብራና መጽሐፋችን በማኅደር ቢሰቀልም፣ በሰዓቱ ወጥቶ ይነበብ ዘንድ ነው። ይህ ግን ከታሸገ በኋላ የሚታየው ልባሱ ብቻ ነው። በአክሽን ኮሚክስ የመጀመሪያ ቍጥር ያለው የሱፐርማን ታሪክ 13 ገጽ ነው፤ በእርሱም መጀመሪያ ላይ ጀግናው በሌሊት ወደ አገረ ገዢው ቤት የሚሮጠው፣ ያለ ጥፋቷ ሞት የተፈረደባትን ሴት ለማዳን፣ ገዳዩ የፈረመበትን የእምነት ቃል ይዞ ነው። እውነተኛ ምስክርነት በሰዓቱ እንዲደርስ የተደረገ ሩጫ ነው። ሚሊዮን ዶላር የሚከፍለው ሰው እነዚህን ገጾች በሌላ ርካሽ ዕትም ካላነበባቸው በቀር፣ በራሱ ንብረት ላይ አያያቸውም። እርግጥ፣ የተፈረፈረ ወረቀት ማንም አያነበውምና፣ የጥንቱ ቅጂ እንዲቆይ መታሸጉ ይጠቅማል የሚለው መልስ እውነት አለው። ነገር ግን ይህ መልስ ለብርቅዬው ቅጂ ይሠራል እንጂ ለሁሉም አይሠራም። በ1991 የወጣው «ኤክስ ሜን» የተባለው መጽሔት የመጀመሪያ ቍጥር ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ታትሟል፤ ይህን ለማሳሸግ የሚከፈለው ዋጋ፣ የፖስታው ኪራይ ሲጨመርበት፣ ብዙ ጊዜ ከመጽሔቱ ዋጋ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን መጽሔት በየጊዜው የሚልክ ሰው የሚገዛው ምስክርነት ሳይሆን ተስፋ ነው፤ 9.8 ይወጣልኝ ይሆናል የሚል ተስፋ። በ9.6ና በ9.8 መካከል ያለውን ልዩነት ያልሠለጠነ ዓይን ሊያየው የማይችል ሲሆን፣ የዋጋው ልዩነት ግን እጥፍ ድርብ ሊሆን ይችላል። ሎተሪ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

እንግዲህ ሻጩ ምን ያድርግ? ዋጋው ብዙ የሆነውን፣ ገዢና ሻጭ የማይተዋወቁበትን፣ ይልቁንም የብዙ ወራሾች የሆነውን መጽሔት ያስመርምር እላለሁ፤ በዚህ ላይ አላመነታም። ነገር ግን ከሳጥኑ ጋር በእጁ የተጻፈ አንድ ወረቀት ይስጥ፤ መጽሔቱ ከማን እንደ ተገኘ፣ የት እንደ ኖረ፣ ተተኵሶ እንደ ሆነ፣ ከዚህ በፊት ሌላ ቍጥር ተሰጥቶት እንደ ነበረ ይጻፍበት። ሕግ አያስገድደው ይሆናል፤ ገዢውም አልጠየቀው ይሆናል። የተረፈውን፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ተራውን ክምር ግን አያሽገው። የተቀደደውን ተቀድዷል፣ ገጽ የጐደለውን ጐድሏል እያለ ዝርዝሩን ጽፎ፣ ገዢው በጠረጴዛ ላይ ገልጦ እንዲያየው ይተውለት፤ ምናልባት ከገዢው ጋር የመጣው ልጅ በዚያው ተቀምጦ አንዱን አንብቦ ይጨርሰው ይሆናል።