የሦስት ደቂቃ ትዕግሥትና የእግዚአብሔር ፈቃድ

ከፍኖተ ሰላምም ሆነ ከቡሬ ገጠር ወደ ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና የሚመጣ ሰው ቤተሰቡ ጸሎት ሳያደርስለት አይገባም፤ በደኅና ሲወጣም ፈጣሪ ይመሰገናል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ የተኛ ሕመምተኛ ገላው በእሳት ቢቃጠል፣ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት እምነት ነው ወይስ የራስን ጥፋት በፈጣሪ ማላከክ? ማላከክ ነው እላለሁ። የእሳቱ መነሻ ይታወቃልና። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 በመቶ ገደማ ነው፤ ለሕመምተኛው የሚሰጠው ግን ከ90 በመቶ ሊበልጥ ይችላል፤ ከጭምብሉ እያመለጠም በመሸፈኛው ጨርቅ ሥር ይጠራቀማል። ቆዳ የተጸዳበት አልኮል ሳይደርቅ በኤሌክትሪክ ግሎ ደም የሚያቆመው መሣሪያ ሲቀርበው ይቀጣጠላል። በፊትና በአንገት ላይ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና፣ በተለይ ሕመምተኛው በጭምብል የሚተነፍስ ከሆነ፣ እጅግ የሚያሰጋው ለዚህ ነው። መከላከያውም የታወቀ ነው፦ አልኮሉ ፀጉር በሌለበት ቆዳ ላይ እስኪደርቅ ቢያንስ 3 ደቂቃ መጠበቅ፣ ኦክስጅኑን ለሕመምተኛው በሚበቃው ልክ መስጠት፣ ውኃ በአጠገብ ማኖር፣ መሣሪያው ከመነሳቱ በፊት ሐኪሙና የሰመመን ባለሙያው መነጋገር።

«ዕድሜ በእግዚአብሔር እጅ ነው፤ ጥንቃቄ ምን ይጨምራል?» የሚል አለ። ነገር ግን ዕድሜን በእጁ የያዘው አምላክ ነው በኦሪት ዘዳግም 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ላይ ማንም እንዳይወድቅ መከታ እንዲያበጅ ያዘዘው። በኦሪት ዘጸአት 21ም በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ያልጠበቀው ባለቤት፣ በሬው ሰው ቢገድል ራሱ ይጠየቃል። ማወቅ ዕዳ ያመጣል። አደጋው አልፎ አልፎ የሚደርስ መሆኑም ዕዳውን አይሰርዝም፤ መከታ ከሌለው ጣሪያም በየቀኑ ሰው አይወድቅም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የድንገተኛ ሕክምና ጉዳይ ነው። ደም እየፈሰሳት ከገጠር የደረሰች ወላድ 3 ደቂቃ ልትጠብቅ አትችል ይሆናል። እውነት ነው፤ እዚያ መዘግየት ራሱ ይገድላል። ግን አልኮል የሌለበት የአዮዲን ማጽጃ አለ፤ ኦክስጅንን መመጠንና አንድ ቃል መነጋገርም ጊዜ አይወስድም፤ ውኃም ውድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ስለ እሳት የሚጠይቅ ነጥብ የለውም። ስለዚህ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ባለሙያዎች ያንን አንድ ጥያቄ በራሳቸው ይጨምሩ፤ ካህናትና ሽማግሌዎችም ጉዳት ሲደርስ «የእሱ ፈቃድ ነው» ከማለታቸው በፊት ምክንያቱ ይመርመር ይበሉ።