የመመረጥ ምልክትና የሰው ዳኝነት

እግዚአብሔር ዓለም ሳይፈጠር ለድኅነት የሚሆኑትን አስቀድሞ መርጧል የሚለው ትምህርት በክርስትና ውስጥ ረጅም ታሪክ አለው። በ5ኛው መቶ ዓመት አውግስጢኖስ አስተማረው፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ካልቪን አጸናው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1618 እስከ 1619 በሆላንድ፣ በዶርድሬክት ከተማ የተሰበሰበው ሲኖዶስም በአንቀጽ ደነገገው። በዚህ ትምህርት መሠረት ምርጫው የጸጋ ስጦታ እንጂ የሥራ ዋጋ አይደለም። ታዲያ የተመረጠው ሰው መመረጡን በምን ያውቃል? ይህ ለአማኙ የሊቃውንት እንቆቅልሽ ብቻ ሳይሆን እንቅልፍ የሚነሳ የነፍስ ጭንቀት ነበር።

መልሱ በሁለት ወገን ተከፈለ። አንደኛው ወገን ዛፍ ከፍሬው እንደሚለይ ሁሉ የተመረጠም ሰው ከምግባሩ ይለያል፤ ምግባር ምርጫን ባያስገኝም ይመሰክርለታል ይላል። ሁለተኛው ወገን በበኩሉ ምግባር ግብዝም ሊለብሰው የሚችል ልብስ ነው፤ እውነተኛው ምስክር በልብ ውስጥ የሚናገረው መንፈስ ቅዱስ ነው ሲል ይመልሳል።

ክርክሩ ከመጻሕፍት ወጥቶ የሰውን ኑሮ ካናወጠባቸው ቦታዎች አንዱ በሰሜን አሜሪካ የሚገኘው ማሳቹሴትስ ነው። ከእንግሊዝ የተሰደዱት ፒዩሪታኖች በ1630 ቦስተንን ቆረቆሩ። በማግሥቱ ዓመት ባወጡት ደንብ በአስተዳደሩ ድምፅ የሚሰጠው የቤተ ክርስቲያን አባል የሆነ ወንድ ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። ብዙም ሳይቆይ አባልነትን የሚሻ ሁሉ ጸጋ በነፍሱ የሠራውን በምእመናን ፊት ቆሞ እንዲተርክ ተጠየቀ። በዚህም መለኮታዊው ምርጫ የምድራዊው ምርጫ በር ጠባቂ ሆነ።

በ1634 ወደ ቦስተን የመጣችው አን ሀችንሰን ሕመምተኞችን የምትረዳ፣ እናቶችን የምታዋልድ ሴት ነበረች። ብዙ ሰዎችን በቤቷ እየሰበሰበች ስብከቶችን ትመረምር ጀመር። ከጥቂቶች በቀር ሰባክያኑ ምግባርን የመመረጥ ማስረጃ በማድረጋቸው ምእመኑን ከጸጋ ወደ ሥራ እየመለሱት ነው ስትል ነቀፈች። በ1637 ችሎት ፊት ቀረበች። አገረ ገዥው ጆን ዊንትሮፕ ከሳሽም ዳኛም ነበር። ክሱን በመጽሐፍ እውቀቷ ስትመክት ቆይታ በመጨረሻ እግዚአብሔር በቀጥታ እንደገለጠላት ተናገረች። ይህ ቃሏ ለፈራጆቹ በቂ ሆነ፤ ከቅኝ ግዛቱ እንድትባረር ተፈረደባት፤ በ1638 ቤተ ክርስቲያኗም አወገዘቻት። በ1643 በሆላንዶችና በአገሬው ተወላጆች መካከል በተነሣ ጦርነት ዛሬ ኒው ዮርክ በሚባለው ምድር ከልጆቿ ጋር ተገደለች። ባላንጣዎቿም ሞቷን የመለኮት ፍርድ ምልክት አድርገው ጻፉት።

የዊንትሮፕ ሥጋት ፈጽሞ ባዶ አልነበረም። እያንዳንዱ በልቡ የሰማውን ድምፅ ከሕግ በላይ ካደረገ ኅብረተሰብ በምን ይጸናል? ሀችንሰንም ብትሆን የትኛው ሰባኪ የመንፈስ ማኅተም እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው ከመፍረድ አልታቀበችም። ስለዚህ ስሕተቱ ምልክቱ ምግባር ነው ወይስ የልብ ምስክር በሚለው ላይ አይደለም፤ የማንን ምልክት ማን ያነባል በሚለው ላይ ነው። ሰው ራሱን ሲጠይቅበት የመመረጥ ጥያቄ ትሕትናንና ንስሐን ይወልዳል። ሌላውን ሲመዝንበት ግን መዝገብና ችሎት፣ አልፎም ግዞት ይወልዳል። ማንም በሥራው አይመካ ብሎ የተነሣ ትምህርት የመመኪያና የማዕረግ መሰላል የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ሥልጣን የያዘ ሰው ሚዛኑን በእጁ ካስገባ ደግሞ የሌላው መከራ እንኳ ለእርሱ ጽድቅ ማስረጃ ይሆንለታል።

በ1987 የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ማይክል ዱካኪስ የሀችንሰንን የመባረር ፍርድ ሻረው። ፍርዱ የእግዚአብሔር ቢሆን ኖሮ የትኛው አገረ ገዥ ሊሽረው ይችል ነበር? የሰው ከነበረ ደግሞ በእግዚአብሔር ስም ባልተፈረደ ነበር። ይህን ለመረዳት 350 ዓመት መጠበቅ የነበረበት ማን ነው?