ማን ይታጫል?

የኦስካር እጩዎች ስም ሊነገር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ግምቱ ይጀምራል። የትኛው ተዋናይ ይገባል? የትኛዋ ትቀራለች? ይህ የሆሊዉድ ጋዜጠኞች ሥራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ደብረ ታቦር ሻይ ቤት ውስጥ አንዲት ስልክ ከብበው የፊልም ቅንጫቢ የሚያዩ ልጆችም ይገምታሉ። የአገራችን የጉማ ሽልማት ሲቃረብማ ክርክሩ ይጦፋል። ከወጣቶቻችን አንዱ «መምህር፣ እንዲህ መገመት ኃጢአት ነው ወይ?» ብሎ ጠይቆኛል። ገንዘብ ካልተያዘበት ኃጢአት ነው ለማለት አልደፍርም። (ገንዘብ ከተያዘበት ሌላ ነገር ነው፤ ስለ ውርርድ ቤቶቹ በሌላ እትም እንነጋገር ይሆናል።) እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ስንገምት ዓይናችን የት ነው ያለው? ሥራው ላይ ነው ወይስ የዳኞቹ ፊት ላይ?

ቅርባችን የሆነች አንዲት ተዋናይት ላንሳ። ሩት ነጋ የተወለደችው አዲስ አበባ ነው። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አየርላንዳዊት ነርስ ነበሩ። ገና ሕፃን ሳለች ወደ አየርላንድ ተወሰደች፤ እዚያም አደገች። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው «ላቪንግ» በተሰኘው ፊልም ሚልድሬድ ላቪንግን ሆና ተወነች። ሚልድሬድ በእውን የኖረች ጥቁር ሴት ናት። በ1958 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ከሚባል ነጭ ጋር በዋሽንግተን ተጋባች። ቨርጂኒያ ሲመለሱ ፖሊሶች በሌሊት መኝታ ቤታቸው ድረስ ገብተው ያዟቸው። ጥፋታቸው መጋባታቸው ነበር። የአንድ ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው፣ ለ25 ዓመት ከግዛቱ ከወጡ እስራቱ እንደሚቀርላቸው ተነገራቸው።

ሩት ይህችን ሴት የተጫወተቻት በዝምታ ነው ማለት ይቻላል። ፍርድ ቤት ቆማ ልብ የሚነካ ንግግር አታደርግም፤ ዕቃ አትሰብርም፤ ስታለቅስም አዳራሽ አታናውጥም። ታያለች፣ ታዳምጣለች፣ አንገቷን ትደፋለች፣ ቀና ትላለች። ፊልሙ ሲያልቅ የምታስታውሱት ዓይኗን ነው።

አሁን ወደ ገማቾቹ እንምጣ። በኦስካር ተዋንያንን ለእጩነት የሚመርጡት ተዋንያን ራሳቸው ናቸው፤ በመጨረሻው ዙር ግን ሁሉም አባላት ድምፅ ይሰጣሉ። ስለዚህ ጎበዝ ገማች ከኦስካር በፊት የሚሰጡትን ሽልማቶች ይከታተላል። ጎልደን ግሎብ ማንን አጨ? የብሪታንያው ባፍታስ? ከሁሉም በላይ ግን የአሜሪካ የስክሪን ተዋንያን ማኅበርን ዝርዝር ያያል፤ እዚያም የሚመርጡት ተዋንያን ናቸውና። በዚያ ዓመት የማኅበሩ ዝርዝር ውስጥ ኤሚ አዳምስ፣ ኤሚሊ ብለንት፣ ናታሊ ፖርትማን፣ ኤማ ስቶንና ሜሪል ስትሪፕ ነበሩ። ሩት ነጋ የለችም። ኤሚ አዳምስ ግን በየዝርዝሩ ስለነበረች ብዙ ገማቾች ቦታዋን አስቀድመው ሰጧት። ጥር 24 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ስሞቹ ሲነገሩ አዳምስና ብለንት ቀሩ፤ ፈረንሳዊቷ ኢዛቤል ዩፔርና አዲስ አበባ የተወለደችው ሩት ነጋ ገቡ። (ሽልማቱን በኋላ የወሰደችው ኤማ ስቶን ናት።)

ስሌቱ መሳሳቱ አይደለም የሚገርመኝ። ሌላ ጊዜ ይሠራል፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይሠራል። የሚገርመኝ ለዚህ ስሌት ፊልሙን ማየት ግዴታ አለመሆኑ ነው። አንድም ፊልም ሳያይ፣ ዝርዝሮችን ብቻ እያስተያየ ከአምስቱ አራቱን የሚያገኝ ሰው ሊኖር ይችላል። እኛስ? «የእኛ ልጅ ታጨች!» ብለን ከተደሰትነው መካከል ስንቶቻችን ነን ፊልሙን ያየነው?

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆን ሜይናርድ ኬንስ በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ነገር በአንድ የጋዜጣ ውድድር አስመስሎ አስረድቶታል። ጋዜጣው የመቶ ሰዎች ፎቶግራፍ ያወጣል፤ ተወዳዳሪው ቆንጆ ያላቸውን ስድስት ይመርጣል። የሚሸለመው ግን ምርጫው ከብዙኃኑ ምርጫ ጋር የገጠመለት ሰው ነው። እንግዲህ ብልህ ተወዳዳሪ ለራሱ የሚያምረውን አይመርጥም፤ ሌሎች ያምራል የሚሉትን ይመርጣል። ሌሎቹም ብልሆች ናቸውና ሌሎች ምን እንደሚመርጡ እያሰቡ ይመርጣሉ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው ያያል፤ ፎቶግራፉን የሚያይ ግን ይጠፋል። ኬንስ ያሰበው ስለ አክሲዮን ገበያ ነበር፤ ለእኛ ጉዳይም ልክ ይመጣል።

ገበሬም ይገምታል፣ ግን እንዲህ አይደለም። የጉና ሥር ገበሬ ገብሱ ስንት እንደሚሰጥ ሊገምት ሲፈልግ ማሳው ውስጥ ገብቶ ዛላውን በእጁ ይዳብሳል። ግምቱ ወደ ነገሩ ይበልጥ ያስጠጋዋል። የሽልማት ግምት ግን፣ ካልተጠነቀቅን፣ ከነገሩ ያርቀናል።

ዳኛን ማየት የለመደ ዓይን ዳኛው ሲሳሳት አያውቅም። ወደ ላቪንግ ባልና ሚስት እንመለስ። በ1965 እ.ኤ.አ. የቨርጂኒያው ዳኛ ፍርዱን አልሽርም ሲል ያቀረበው ምክንያት፣ እግዚአብሔር ዘሮችን በየአህጉሩ ለይቶ ያስቀመጠው እንዳይደባለቁ ፈልጎ ነው የሚል ነበር። የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ ጻፈው። በዚያ አገር በዚያ ዘመን የዳኞችን ሐሳብ አስቀድሞ ለመገመት የሚጥር ሰው ቢኖር ኖሮ በትክክል ይገምት ነበር። ግምቱ ይሰምራል፤ ሁለቱ ሰዎች ግን እንደ ተበደሉ ናቸው። ሚልድሬድ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለሮበርት ኬኔዲ ደብዳቤ የጻፈችው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ደብዳቤ የተነሣው ክርክር በ1967 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ለባልና ሚስቱ ፈረዱ። እነሱ ክርክሩን ለመስማት እንኳ ፍርድ ቤቱ አልሄዱም፤ ቤታቸው ነበሩ።

ይህን ሁሉ የማነሣው ስለ ፊልም ብቻ ብዬ አይደለም፤ ይህን ዓይን ይዘን ቤተ ክርስቲያን እንገባለን። የወጣቶች መሪዎች ምርጫ ሲደርስ፣ ለመዘምራን አዲስ አባላት ሲፈለጉ፣ ከጉባኤው በፊት ሳምንቱን ሙሉ የምንጫወተው ምንድን ነው? «እሷ ትገባለች፤ ሽማግሌዎቹ ይወዷታል።» «እሱ አይገባም፤ ዝምተኛ ነው።» ልብ በሉ፤ ማንም ስለ ሥራው አላወራም። ወንበር የሚደረድረው፣ የታመመ የሚጠይቀው፣ ሕፃናትን የሚያስተምረው ሰው ግን ይህን ወሬ ይሰማል። ከሰማም በኋላ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ዝም ብሎ ሥራውን ይቀጥላል፣ ወይ ዳኞቹ የሚወዱትን ማጥናት ይጀምራል። ሁለተኛውን የመረጠ ተዋናይ ለሽልማት የታሰበ ፊልም ይፈልጋል፤ ሁለተኛውን የመረጠ አገልጋይም ለዓይን የታሰበ ጸሎት ይጸልያል። ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነው? ያስተማርነው እኛ ገማቾቹ አይደለንም?

«እጩ» የሚለው ቃላችንን አስቡት፤ ከማጨት የመጣ ነው። ድሮ አገራችን ልጅ ስትታጭ ሽማግሌዎቹ በአብዛኛው የሚያጠኑት የአባቷን ከብትና ዘር ነበር፤ እሷን የሚያውቋት ውኃ የምትቀዳባቸው ጎረቤቶቿ ነበሩ።

በሐዋርያት ሥራ መጀመሪያ ላይ አንድ የእጩነት ታሪክ አለ። በይሁዳ ቦታ የሚተካ ሰው ሲፈለግ ከስሞቹ በፊት የተነገረው መለኪያው ነው፤ ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ አብሮ የኖረ ሰው መሆን ነበረበት። ሁለት ሰዎች ቀረቡ፦ በርስያን የተባለው ዮሴፍና ማትያስ። ዕጣው ለማትያስ ወጣ። እኛ ማትያስን እናስታውሳለን። ዮሴፍ ግን ያንኑ መንገድ ተጉዟል፣ ያንኑ አይቷል፣ ያንኑ ሰምቷል፤ ዕጣው ከእነዚያ ዓመታት አንዲት ቀን አልቀነሰበትም።

እንግዲህ አትገምቱ አልልም። ግምት ፍቅርም ሊሆን ይችላል። ላቪንግን አይቶ፣ ዓይኗ አልለቅ ብሎት፣ ዝርዝሩ ሁሉ ከእሱ ጋር ባይስማማም «ይህች ልጅ መታጨት አለባት» ያለ ሰው ነበር፤ ያን ሰው አከብረዋለሁ። ባትታጭም ኖሮ አከብረው ነበር። የዝርዝር ገማች ሲሳሳት ምንም አይቀረውም፤ የዚህኛው ግን ያየው አይወሰድበትም።

አንድ ነገር እንድትሞክሩ ልጠይቃችሁ። ያሬድ ዘለቀ ያዘጋጀው «ላምብ» የተሰኘ ፊልም አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል ታየ፤ በካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኢትዮጵያም ለኦስካር ላከችው፤ ከእጩዎቹ ግን አልገባም። ታሪኩ የእናቱ ልጅ ስለሆነ፣ ወጥ መሥራት ስለሚወድ፣ በጉን ከቢላ ለማዳን ስለሚጨነቅ የደጋ ልጅ ነው። ለምን እንዳልታጨ መገመት ትችላላችሁ፤ በዚያ ግን እናንተ ከሎስ አንጀለስ ሰዎች አትበልጡም። የምትበልጡበት ሌላ አለ። ገሳይ ዙሪያ ያደገ ልጅ በግ ስትደነግጥ ጆሮዋ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ብርድ የነካው እረኛ ጋቢውን እንዴት እንደሚጠቀልል፣ ወንድ ልጅ ምድጃ አጠገብ ሲገኝ ዘመድ ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳየው ያውቃል። ፊልሙን ካገኛችሁት እሱን እዩና ጻፉልን፦ ልጁ በጉን ሲይዝ የያዘው እንደ እረኛ ነው ወይስ እንደ ተዋናይ?