ሁለት ዓይነት ሚዛን አትያዝ፤ ስለ እግዚአብሔር መኖር ለሚከራከሩ የተሰጠ ምክር

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ ስለ እግዚአብሔር መኖር የሚከራከሩ ሰዎች ከሁለቱም ወገን ደጋግመው የሚጠሩት አንድ ምስክር አለ፤ ስሙም ቀላልነት ይባላል። አማኙ፥ «የእኔ ቃል ቀላልና ያልተወሳሰበ ነውና እውነት ነው» ይላል፤ የማያምነውም ይህንኑ ይደግማል። አንድ ምስክር ለሁለት ባላጋራዎች ሲመሰክር ብትሰማ፥ ዳኛም ብትሆን፥ «የቃልህ ትርጓሜ ምንድር ነው?» ብለህ ትመረምረው የለምን? እኛም እንዲሁ እናድርግ።

ይህን እንድጽፍልህ ያስገደደኝ በራሴ ላይ የደረሰው ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ወደ እኔ መጥቶ እግዚአብሔር ለመኖሩ ምን ማስረጃ እንዳለኝ ጠየቀኝ። እኔም፥ «ለፍጥረት ሁሉ አንድ ፈጣሪ አለ ማለት ለእያንዳንዱ ነገር ልዩ ልዩ ምክንያት ከመፈለግ ይቀልላል፤ የሚቀልለውም እውነት ነው» አልሁት። ዝም ብሎ ሄደ፤ እኔም እንደ ረታሁት ቈጠርሁ። በሳምንቱ ግን ተመልሶ፥ «መምህር ሆይ፥ የሚቀልለው ሁሉ እውነት ከሆነ፥ ዓለም ብቻ አለ ማለት ዓለምና ፈጣሪ አሉ ከማለት ይቀልላል፤ አንድ ከሁለት ያንሳልና» አለኝ። እኔም የምመልሰው ባጣ ጊዜ ተቈጥቼ፥ «ይህ የትዕቢት ጥያቄ ነው» ብዬ አሰናበትሁት። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ትዕቢቱ የማን እንደ ነበረ ግን በዚያች ሌሊት ሕሊናዬ ነገረኝ።

የዚያ ልጅ ጥያቄ አዲስ አልነበረም። በ13ኛው መቶ ዘመን የነበረው ቶማስ አኵናስ ስለ እግዚአብሔር መኖር በጻፈ ጊዜ፥ ይህንኑ ተቃውሞ ከመልሱ አስቀድሞ በገዛ እጁ ጽፎታል፤ የሚታየው ሁሉ በተፈጥሮና በሰው ፈቃድ የሚፈታ ከሆነ ሌላ መጨመር ምን ያስፈልጋል የሚል ነው። እኔ ያባረርሁትን ጥያቄ እርሱ በክብር አስቀምጦ መለሰለት። በ14ኛው መቶ ዘመን የነበረው እንግሊዛዊው መነኵሴ ዊልያም ኦካምም፥ ያለ በቂ ምክንያት ነገርን አታብዛ የሚለውን ደንብ አጥብቆ ስለ ሠራበት፥ ደንቡ «የኦካም ምላጭ» ተብሎ ተጠራ። ምላጩን የያዘው ሰው ራሱ በእግዚአብሔር ያምን እንደ ነበረ ልብ በል።

እንግዲህ ቀላል ማለት ምንድር ነው? አንዳንዱ የነገሮችን ቍጥር ይቈጥራል፤ ተማሪው ያደረገው ይህን ነው። ሌላው የነገሩን ጠባይ ይመለከታል። ሪቻርድ ስዊንበርን የተባለው የእንግሊዝ ፈላስፋ በ1979 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ስለ እግዚአብሔር መኖር ባወጣው መጽሐፍ፥ ወሰን የሌለው ኀይል ወሰን ካለው ኀይል ይልቅ ቀላል ግምት ነው ብሎ ተከራከረ፤ ወሰን ያለው ነገር ሁሉ «ለምን እስከዚህ ብቻ? ለምን ከዚህ አላለፈም?» የሚል ሌላ ጥያቄ ያስከትላልና። ሦስተኛውም የክፍሎችን ብዛት ይቈጥራል። ሪቻርድ ዶኪንስ በ2006 ዓ.ም. በጻፈው መጽሐፍ፥ ይህን የተወሳሰበ ዓለም ያቀደ አምላክ ቢኖር ራሱ ከዓለም ይልቅ የተወሳሰበ መሆን አለበት አለ። አማኞችም፥ እግዚአብሔር እንደ ሥጋ ከብዙ ክፍል የተገጣጠመ አይደለም ብለው ይመልሱለታል። እርሱን የሚደግፉ ደግሞ፥ ሁሉን የሚያውቅ አእምሮ እንዴት ቀላል ይባላል ብለው ይጠይቃሉ። ይህም የሚናቅ ጥያቄ አይደለም።

አየህን? ቃሉ አንድ ነው፤ መስፈሪያው ግን ሦስት ነው። ከዚህም ሌላ፥ መስፈሪያው አንድ ቢሆንም እንኳ ማነስ ብቻውን እውነትን አያሳይም። የከዋክብትን ታሪክ ተመልከት። ኡራኑስ የተባለችው ፕላኔት ከተሰላላት መንገድ ፈቀቅ ብላ በተገኘች ጊዜ፥ ለቬርዬ የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ የምትስባት ሌላ ያልታየች ፕላኔት አለች ብሎ ስፍራዋን በስሌት አመለከተ። በ1846 ዓ.ም. በበርሊን ያሉ ተመልካቾች መነጽራቸውን ወደዚያ ቢያቀኑ ኔፕቱንን አገኟት። ነገርን መጨመር ትክክል ሆነ። ይኸው ሰው በ1859 ዓ.ም. የሜርኩሪ መንገድ ፈቀቅ ማለቱን ባየ ጊዜ፥ በዚያው ዘዴ ለፀሐይ የቀረበ ሌላ ያልታየ አካል አለ አለ፤ ቩልካን የሚል ስምም ወጣለት። ብዙ ተፈለገ፤ ነገር ግን አልነበረም። በ1915 ዓ.ም. አይንሽታይን ስለ ስበት የነበረውን ትምህርት ለውጦ፥ አንዳች አካል ሳይጨምር ነገሩን ፈታው። ሰውየው አንድ፥ ዘዴው አንድ፤ ፍጻሜው ግን ሁለት።

ከዚህ የምንማረው፥ «ማን ትንሽ ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ እንደማይበቃ ነው። ኒውተን በ1687 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ባኖረው ደንብ፥ ምክንያት ከመጠን በላይ አይብዛ ሲል፥ እውነተኛና የሚበቃ ይሁን ደግሞ ብሏል። ለእንግዳ እራት የምታቀርብ ሴት እንጀራውን ብታሳንስ ወጪዋ ይቀልላል፤ እንግዳው ሳይጠግብ ቢነሣ ግን ቍጠባ አይባልም። ስለዚህ ለዚያ ተማሪ እንዲህ ልለው ይገባኝ ነበር፤ «ልጄ፥ በቍጥር አንተ ትቀድመኛለህ፤ ይህን አምናለሁ። ነገር ግን ዓለም ብቻ አለ ማለት ዓለም ለምን እንዳለች፥ ሥርዐትዋም ለምን እንደ ጸና ለመመለስ ይበቃልን? እኔ አይበቃም ብዬ አምናለሁ፤ አንተ ይበቃል ካልህ ተቀምጠን እንመርምር።» ይህ መልስ ክርክሩን አይዘጋም፤ ሰውን ግን አያባርርም።

ወዳጄ ሆይ፤ በገበያ ሁለት ዓይነት መመዘኛ የያዘውን ነጋዴ ሁሉ ይጠላዋል፤ ሲገዛ በከባዱ ድንጋይ፥ ሲሸጥ በቀላሉ ድንጋይ ይመዝናልና። በክርክር የራሱን ቃል በጠባይ፥ የባልንጀራውን ቃል በቍጥር የሚመዝን ሰው ከዚህ ነጋዴ በምን ይሻላል? ስለ እግዚአብሔር ሲል ቢያደርገውም ኀጢአቱ የከፋ ነው እንጂ የቀለለ አይደለም፤ የእውነት አምላክ በሐሰተኛ ሚዛን አይከበርምና።

እንግዲህ በምትከራከርበት ጊዜ ሦስት ነገር ጠብቅ። ቀላል ስትል የምትሰፍርበትን አስቀድመህ ተናገር። በክርክሩ መካከል መስፈሪያህን አትለውጥ። ባላጋራህ የሚገባውን ነገር ሲናገር፥ «ይህስ እውነት ነው» ለማለት አትፈር። እንዲህ ብታደርግ ምናልባት አትረታ ይሆናል፤ ነገር ግን የሰማህ ሰው በማግስቱ ወደ ደጅህ ለመመለስ አይፈራም። የእኔ ደጅ ለዚያ ልጅ ዛሬም ክፍት ነው። እግዚአብሔር ለእርሱም ለእኔም ቅን ልብ ይስጠን። አሜን።