«የት አድራለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ

ልጆቼ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ማግስት ድሬዳዋ ውስጥ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት አመጣህ? ስንት አመጣሽ?» ከከዚራ እስከ ገንደ ቆሬ፣ ከመጋላ እስከ ሳቢያን ወላጅ ከወላጅ ይደዋወላል። ያለፈ ልጅ ያለበት ቤት እልል ይላል፤ ያላለፈበት ቤት በሩን ገርበብ አድርጎ ይቀመጣል። ብዙ ዓመት ያስተማርኩ፣ የብዙ ልጆች ሻንጣ ሲታሰርም ያየሁ ሰው ነኝና ከውጤቱ ቀጥሎ ስለሚመጣውና ብዙ ሰው ስለማያነሳው ነገር ላወራችሁ እፈልጋለሁ። እሱም ማደሪያ ነው። ማታ ጎናችሁን የምታሳርፉበት አልጋ፣ ጠዋት የምትቆርሱት ዳቦ፣ ማን ይከፍለዋል? እስከ መቼስ?

በአገራችን ለጎበዝ ተማሪ ከሚሰጠው ሁሉ ትልቁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ ነው። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ይህ በር ምን ያህል እንደጠበበ ታውቃላችሁ። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። ስለዚህ ምደባ የደረሳችሁ ልጆች፣ ያመጣችሁት ነጥብ ከመማሪያ ክፍሉ ወንበር ጋር አልጋም አስገኝቶላችኋል። ዶርም፣ ካፌ፣ ክሊኒክ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሁሉም በዚያ ነጥብ የተከፈቱ ናቸው። አቅልላችሁ አትዩት።

ግን አልጋው ስጦታ አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ይሳሳታል፣ ወላጅም ይሳሳታል። በ1996 ዓ.ም. የወጪ መጋራት፣ እናንተ ኮስት ሼሪንግ የምትሉት፣ ሲጀመር የተያዘው ስሌት ይህ ነበር፤ ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል፣ የምግቡንና የማደሪያውን ወጪ ግን ሙሉ በሙሉ ይሸከማል። ክፍያው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይሰበሰባል። ልብ በሉ፣ መንግሥት በአብዛኛው የሚሸፍንላችሁ ትምህርቱን ነው። አልጋውና እንጀራው በስማችሁ የሚጻፍ ብድር ነው። «መንግሥት በነፃ ያስተምረኛል» የሚል ልጅ ስሰማ ዝም ማለት የማልችለው ለዚህ ነው፤ ሲመረቅ ኦሪጅናል ዲግሪውን ሊወስድ ሄዶ ዕዳውን የሚሰማ ልጅ አንጀቴን ይበላዋል።

ታዲያ ብድር ከሆነ ይቅርብን ልትሉ ነው? አይደለም። በተለይ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ለተመደባችሁ የድሬ ልጆች ይህ እውነተኛ ምርጫ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ከቤቱ በባጃጅ ተመላልሶ የሚማር ልጅ አለ። ቤት ካደራችሁ የማደሪያው ዕዳ አይጻፍባችሁም፤ እናታችሁ የሠራችውን ትበላላችሁ። በሂሳብ ብቻ ካየነው ይህ ያዋጣል። እኔ ግን ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ዶርም ግቡ እላለሁ። ቤታችሁ ታናናሾች የሚንጫጩበት፣ ቴሌቪዥኑ የማይጠፋበት፣ እንግዳ የማይጠፋበት ከሆነ፣ በዚያ ላይ የድሬ ሙቀት ሲጨመርበት፣ ማታ ማንበብ ከባድ ነው። ግቢ ውስጥ ያለ ልጅ ቤተ መጻሕፍት እስኪዘጋ ይቀመጣል፤ ያልገባውን ካልኩለስ ለሚያስረዳው ጓደኛው ከአልጋ አልጋ ይጠይቃል። ንብረት ሳታስይዙ የምታገኙት እንዲህ ያለ ብድር ዕድሜ ልካችሁን ዳግመኛ ላይገጥማችሁ ይችላል። ለሴት ልጆቻችን ደግሞ አስረግጬ እናገራለሁ፤ ቤት የምታድር ልጅ ወጥ ስትሠራ፣ ልብስ ስታጥብ፣ እንግዳ ስታስተናግድ ነው የምታመሸው። ወንድሟ ሲያነብ እሷ ሳህን ታጥባለች። ዶርም ለሴት ልጅ የጥናት ሰዓት ማለት ነው፤ የአባቶች «አጠገባችን ትሁን» የሚለው ስስት ይህን እንዳያስረሳ።

ስለ ምግቡ ደግሞ ትንሽ ልበል። ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው የምግብ ገንዘብ ለብዙ ዓመት 15 ብር ነበር። ከዚያ 22 ሆነ፤ በ2017 ደግሞ ወደ 100 ብር ከፍ እንዲል ተወሰነ። በ22 ብር ጊዜ ወሩን ብታባዙት 660 ብር ነው፤ ድሬ ላይ በዚያ ገንዘብ ከግቢ ውጪ ስንት ቀን እንደሚበላ እናንተም ታውቃላችሁ። ሆኖም ኖን ካፌ ሆኖ ገንዘቡን በእጁ መቀበል የሚያጓጓው ልጅ ብዙ ነው። የካፌው ወጥ እንደማይጥም አልክድም። ነገር ግን ገንዘቡ በእጅ ሲገባ ለካርድ፣ ለጫማ፣ ለጓደኛ ልደት ይወጣና የወሩ መጨረሻ ሳምንት ላይ ሽሮ የሚበደር ተማሪ ይገኛል። በጤና ምክንያት ካልሆነ፣ ወይም ከቤት የሚላክ ቋሚ ነገር ከሌላችሁ፣ ካፌ ብሉ።

አልጋ በውጤት እንደሚገኝ ሁሉ በውጤት ማጣትም ይሄዳል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ግሬድ ከወረደ ወርኒንግ ይመጣል፤ ካልተስተካከለ ዲስሚሳል ነው። የተሰናበተ ተማሪ ክሊራንስ ጨርሶ፣ ፍራሹንና ቁልፉን ለፕሮክተሩ አስረክቦ ይወጣል። ግሬዱ በምን ይወርዳል ብትሉ፣ ከተማችን ከሰዓት በኋላ ምን እንደምትሆን ታውቃላችሁ፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው በጥላ ስር ይሰበሰባል፣ ጫት የሚቃምበት በርጫ ይጀመራል። ለሠርጉም ለሐዘኑም ጫት የሚያቀርብ አገር ውስጥ አድጋችሁ «አትንኩት» ብላችሁ ብቻ እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ። ግን ይህን አስቡ፤ ከሌላ ክልል መጥቶ አጠገባችሁ ካለው አልጋ ላይ የተኛው ልጅ ያንን ከሰዓት በኋላ ሲያነብበት ነው የሚውለው። ፈተናው የሚመጣው ለሁለታችሁም እኩል ነው።

ማደሪያ ከውጤት ጋር መያያዙ፣ ሊነፈግም መቻሉ አዲስ ነገር አይደለም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪ ግቢው ውስጥ በልቶ ያድር ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ተማሪዎች በኮሌጁ በዓል ላይ መንግሥትን የሚነካ ግጥም ማንበብ በጀመሩበት ወቅት፣ የአዳሪነቱ ሥርዓት እንዲቀር ተደረገ። ይህ የጎዳው አዲስ አበባ ዘመድ ያለውን አይደለም፤ ከክፍለ ሀገር የመጣውን ነው። ዛሬ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ መሆን ጀምረዋል፤ የመጀመሪያው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፣ ከፍለው የሚማሩትንም ይቀበላል። ነገ ሌሎችም ይከተሉ ይሆናል። ስለዚህ የመግቢያ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ የዲፓርትመንቱን ስም ብቻ አትዩ። በመንግሥት ወጪ ነው ወይስ በግል? ዶርም አለው ወይ? ካፌስ? እነዚህን ጠይቃችሁ ካላወቃችሁ ሻንጣ አታስሩ።

ምደባ ላይ ችግር ያለባችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ። የጤና እክል ያለባቸው፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ መንትዮች ትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ሲያወጣ በልዩ ሁኔታ እንዲታዩ ያመለክታሉ። ማስረጃውን በጊዜ አሟልቶ ማቅረብ ብቻ ነው። የአካል ጉዳት ላለባቸው ጎበዝ ወጣቶች የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ ከ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የስኮላርሺፕ ፕሮግራም አካሂዷል። በዊልቸር የሚሄድ ልጅ ያለው የድሬ ወላጅ «የት ልኬ እንዴት ያድራል?» ብሎ ልጁን ቤት ከማስቀረቱ በፊት እንዲህ ያለውን ያጠያይቅ።

ወደ ውጭ ለምታስቡት የምለው ከዚሁ የተለየ አይደለም። «ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘሁ» የሚል ወሬ ድሬ ላይ ቶሎ ይዞራል፤ ሙሉ መሆኑን የሚያረጋግጠው ግን የማደሪያው አንቀጽ ነው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ዶርሙን በነፃ ይሰጣል። የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ በዩኒቨርሲቲው ዶርም ያሳድራል፣ ወይም ለኪራይ የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣል። የሀንጋሪው ስቲፔንዲየም ሀንጋሪኩም ወይ ዶርም ነው ወይ በወር 40,000 ፎሪንት የኪራይ ድጎማ፤ ቡዳፔስት ውስጥ ብቻውን ቤት መከራየት ለሚፈልግ ያ ገንዘብ አይበቃም፤ ዶርሙን የሚመርጥ ነው የሚያተርፈው። አሜሪካ፣ ብዙ ወገን ባለበት በጆርጂያ ግዛት፣ የሆፕ ስኮላርሺፕ የሚባል አለ። ከ1993 እንደ እነሱ አቆጣጠር ጀምሮ ከሎተሪ ገቢ ለጎበዝ የግዛቱ ተማሪዎች ይከፈላል፤ የሚሸፍነው ግን የትምህርቱን ክፍያ እንጂ አልጋና ምግብን አይደለም። አትላንታ ያለ ዘመዳችሁ ልጅ ሆፕ አግኝቶ ቤት የሚያድረው ለዚህ ነው። ሌላም አለ፤ በአሜሪካ ሕግ ስኮላርሺፕ ለማደሪያና ለምግብ ከዋለ ያ ክፍል እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ሊጠየቅበት ይችላል። እዚያ ላላችሁ ልጆች ማንም ስለማይነግራችሁ ነው የማነሳው።

አሁን ምደባችሁ ወደ ደጋ ለሆነ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ጎንደር ወይም ደብረ ማርቆስ ለደረሳችሁ፦ ድሬ አንሶላ ብቻ ለብሶ የሚያድር ሰው የደጋን ሌሊት አያውቅምና ወፍራም ብርድ ልብስ ያዙ፤ ለሎከራችሁም ጠንካራ ቁልፍ ግዙ። ስትመዘገቡ የወጪ መጋራት ውል ይቀርብላችኋል። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ብዙው ልጅ ሳያነብ ይፈርማል። እናንተ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የማደሪያው፣ የምግቡና የትምህርቱ ሂሳብ ተለያይቶ ተጽፎ እንደሆነ እዩ፤ ካፌ የማትበሉ ከሆነ የምግቡ ዕዳ እንዴት እንደተያዘ ሬጅስትራር ጠይቁ። ውሉ በየዓመቱ ይታደሳልና በየዓመቱ ኮፒውን በስልካችሁ አንሱና ለቤት ላኩ። ዕዳው የእናንተ ነው፤ ስንት እንደደረሰም ከማንም በፊት እናንተ እወቁት።