በጨለማ የተሠራ ዓይን

ብርሃንን ሊቀበል የተዘጋጀ አካል ብርሃን በማይደርስበት ስፍራ መሠራቱን ባሰብኩ ቁጥር መደነቄ አይቀርም። ፅንሱ አራተኛ ሳምንቱን ሲይዝ፣ እናቲቱ መፀነሷን ገና በቅጡ ሳታረጋግጥ፣ ለጋው አንጎል ከግራና ከቀኙ ሁለት ትንንሽ ጉብታዎችን አውጥቶ ወደ ቆዳው ይልካቸዋል፤ ጉብታው ሲጠጋው ቆዳው ይወፍራል፣ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ኋላም ከላዩ ቆዳ ተለይቶ ሌንስ ይሆናል፤ ጉብታውም በበኩሉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ጽዋ ይሠራና ሬቲና ይወጣዋል። ሃንስ ሽፔማን እ.ኤ.አ. በ1901 ይፋ ባደረገው ሥራው ያንን ጉብታ በእንቁራሪት ሽል ላይ ገና በለጋነቱ ቢያጠፋው፣ በዚያ ወገን ሌንስ ሳይበቅል ቀረ። አንዱ ካልቀረበው ሌላው ሊሆን የሚችለውን ሳይሆን ይቀራል።

መቀራረቡ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ቆዳው አስቀድሞ ተሰናድቶ መቆየት አለበት። ፓክስ 6 የተባለው ዘረመል ሁለቱ ሳይገናኙ በፊት በጉብታውም በቆዳውም ነቅቶ ይጠብቃል፤ የዓይን ነርቭ በሚያልፍበት መተላለፊያ ደግሞ ፓክስ 2 ይነቃል፣ ሁለቱም አንዱ ሌላውን ዝም እያሰኘ ድንበራቸውን ያበጃሉ። ህዋሶቻችን አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይዘው ሳለ፣ ዓይንን ዓይን የሚያደርገው የሚነበበው ብቻ ሳይሆን ሳይነበብ የሚታለፈውም መሆኑ ልቤን ይነካዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ዋልተር ጌሪንግና ባልደረቦቹ በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ የአይጥን ፓክስ 6 በፍሬ ዝንብ ውስጥ ባልተለመደ ቦታ አነቁት፤ ዝንቧም በእግሯና በክንፏ ላይ ሳይቀር ዓይን አበቀለች። የበቀለው ግን የአይጥ ዓይን አልነበረም፣ የራሷ የዝንቧ ዓይን ነበር። ከሩቅ ዘመድ የመጣውን ጥሪ ሰምታ በገዛ ሥጋዋ መለሰች። ይህን ባነበብኩ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ መቀመጤን አስታውሳለሁ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የሌንሱ ነገር ነው። ህዋሳቱ ክሪስታሊን በተባሉ ፕሮቲኖች ጢም ብለው ከሞሉ በኋላ፣ ብርሃኑን እንዳይበታትንባቸው ኑክሊየሳቸውን ሳይቀር ያጠፋሉ፤ ዘረመሉ የሠፈረበት ክፍል ስለሌለ ከዚያ ወዲያ የሚነበብ ነገር የለም፣ የጠፋውን የሚተካም አይመጣም። በሌንሱ እምብርት ያሉትም ሰውዬው በሕይወት እስካለ ድረስ እዚያው ይኖራሉ። አያቴ የዓይናቸውን ሞራ ባስገፈፉ ጊዜ ቤተሰቡ ሁሉ ዳግም በማየታቸው ተደስቷል፣ እኔም ተደስቻለሁ፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ የማስበው ስለ ወጣው ሌንስ ነው። እምብርቱ በእናታቸው ማህፀን ሳሉ የተሠራ ነበር፣ ስም ሳይወጣላቸው፣ ክርስትና ሳይነሱ፤ በዚያ ዓይናቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዩት ሁሉ፣ የቀበሯቸው ልጆቻቸው ፊትም የእኔም፣ በእርሱ በኩል አልፎ ነው የደረሳቸው።