ረሃቡ የተቀነሰለት ሰው ጾም

በኤረር ጾመኛን አጥብቆ የሚፈትነው ከረሃብ ይልቅ ጥም ነው። የድሮው የምድር ባቡር መስመር የሚያልፍባት ይህች የሲቲ ዞን ከተማ በፍል ውሃዋና በመስኖ በሚለማ ፍራፍሬዋ ትታወቃለች፤ የቆላ ፀሐይዋ ግን ለማንም አይራራም። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ቴምሩ፣ ውሃው፣ ሳምቡሳው፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ይቀርባል። ጨጓራው በቀዶ ሕክምና የተቀነሰለት ሰው እዚህ ማዕድ ላይ ቢቀመጥ፣ ሁለት ቴምርና ጥቂት ጉንጭ ውሃ ያጠግቡታል። ሌላው ሳህኑን ሲያነሳ እሱ እጁን ይሰበስባል። ቀኑን ሙሉም እንደ ጎረቤቱ አልተራበ ይሆናል። እንግዲህ ያልተራበ ሰው ጾመ ይባላል?

ጥያቄው ባዶ ፍልስፍና አይደለም። ለውፍረት በብዛት በሚሠራው የቀዶ ሕክምና ዓይነት ከጨጓራ ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ተቆርጦ ይወጣል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያገኙት ግሬሊን የተባለው የረሃብ ሆርሞን በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ከሚወጣው ክፍል ነው። ሐኪሙ ሥጋውን ሲያወጣ የረሃቡን ጥሪም አብሮ ይቀንሳል ማለት ነው።

ከዚህ በፊት የሚመጣ ሌላ ሙግት አለ፤ ፈጣሪ የሰጠውን ጨጓራ መቁረጥ ፍጥረትን መለወጥ አይሆንም ወይ የሚል። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 ማሌዥያ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ ውፍረቱ በሽታ ከሆነ፣ ከቀዶ ሕክምና ሌላ መንገድ ከሌለና ጉዳት የማያስከትል ከሆነ ይፈቀዳል ብሏል። የፈቀደው ለሕክምና እንጂ ለውበት ሲባል ብቻ አይደለም።

ወደ ረሃቡ እንመለስ። ከ900 ዓመታት በፊት ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ የረሃብን ጥቅሞች አንድ በአንድ ዘርዝረዋል፤ የተቸገረን ሰው አለመርሳት አንዱ ነው። በዚህ ብቻ ከሄድን ጨጓራው የተቀነሰለት ሰው ትልቅ ነገር የጎደለበት ይመስላል። ነገር ግን እኚሁ ሊቅ ስለ ጾም ሲጽፉ ከሆድ ጾም በላይ ሌላ ደረጃ አስቀምጠዋል፤ የዓይን፣ የምላስ፣ የጆሮ፣ የእጅና የእግር ጾም። ምላስን ከሐሜት የሚያርቅ ቀዶ ሕክምና እስከ ዛሬ የለም። የጾሙ ዋና ሸክም ዛሬም በዚያ ሰው ትከሻ ላይ ነው።

አዲስ ሸክምም ተጨምሮበታል፤ ደሙን መጠበቅ፤ በደሙ ላይ የሚታየው ለውጥ ሁለት ገጽ አለውና። በአሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ 150 የስኳር ሕመምተኞችን ይዞ መድኃኒትን ከቀዶ ሕክምና ጋር ያነጻጸረ ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው 6 በመቶና ከዚያ በታች የሆነላቸውን ቆጠረ። መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 5 በመቶ፣ አንጀታቸው በአቋራጭ ከተቀጠለላቸው 29 በመቶ፣ ጨጓራቸው ከተቆረጠላቸው ደግሞ 23 በመቶ ነበሩ። ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ስብ ይወርዳል፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ይጨምራል። ይህ ደስ የሚለው ገጽ ነው።

ሌላው ገጽ ዝም ብሎ ነው የሚመጣው። ብረት ወደ ደም የሚገባው በጨጓራ አሲድ እርዳታ ነው፤ አሲዱ ሲቀንስ የብረት ክምችቱ ይሳሳል። ከምግቡ ጋር የሚጠጣው ሻይ ደግሞ የቀረውን ብረት ይይዘዋል። የቫይታሚን ቢ12 ጉድለት የበለጠ አታላይ ነው፤ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስላለው፣ ሰውየው ድኛለሁ ብሎ ክትትሉን ከተወ ከብዙ ጊዜ በኋላ በእጅና በእግር መደንዘዝ፣ በድካምና በደም ማነስ ብቅ ይላል። አንድ ተጨማሪ ወጥመድም አለ፦ የብረት እጥረት የሦስት ወሩን የስኳር ቁጥር ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ሁለቱን አብሮ ያላየ ሐኪም ይሳሳታል።

የግመል ወተት በሚጠጣበት አገር ቢ12 ከማዕድ አይርቅም። እንደ እሱ ጨጓራው ለተቀነሰለት የድሬዳዋ ኦርቶዶክስ ጎረቤቱ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ስለሆነ፣ ክምችቱ ከሳሳ ሁዳዴን ሙሉ ያለ ኪኒን ወይም ያለ መርፌ ማለፍ ለእሱ አደገኛ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ያው ጥሙ ነው። ትንሽ ጨጓራ ውሃን በአንድ ጊዜ አይቀበልም፤ በጉንጭ በጉንጭ ነው። ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ባለው ሌሊት፣ ያውም በኤረር ሙቀት፣ የጎደለውን መሙላት ይከብዳል፤ ደም ይወፍራል፣ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። ቁርኣን ለታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል። ፈቃዱን መቀበል እምነትን ማቅለል አይደለም፤ አካልም አማና (አደራ) ነውና።

ስለዚህ ጨጓራው የተቀነሰለት ሰው ረመዳን ከመግባቱ ሁለትና ሦስት ወር አስቀድሞ ሄሞግሎቢኑን፣ የብረት ክምችቱንና ቢ12ን ይመርመር፤ የተደረገለትን የቀዶ ሕክምና ዓይነት ለሐኪሙም፣ ለሚያማክረው ሸህም በግልጽ ይንገር። ቀዶ ሕክምናው በተደረገበት ዓመት ደግሞ መጾም አለመጾሙን ሐኪሙንና ሸሁን ሰምቶ ይወስን።